ባጃጇ በጣራ ላይ የሄደችበት ክረምት

ሰኔ 24

የቢሯችን ቬንቲሌተር ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማዛወር በቀር ሥራ የለውም። እኔ ግን የኔን ጨረስኩ። ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ከደረቁ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለ ጣራ ሁሉ ዙሪያው ተሠምሯል። ዓይኔ ቢጠፋ ለድሬዳዋ ነው የጠፋው።

ለሚያየው ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ ከሳተላይት የተነሣውን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ዘርግቶ በየቤቱ ዙሪያ መስመር ማስመር። ችግሩ ፎቶው እንደመጣ በቦታው አይቀመጥም፤ ትንሽ ይንሸራተታል። መሬት ላይ በጂፒኤስ የተለካ ነገር ተፈልጎ በሱ ካልተስተካከለ የሰው ሳሎን ጎረቤቱ ግቢ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። እኔ ያስተካከልኩት በባቡር ሐዲዱ ነው። አያቴም አባቴም የምድር ባቡር ሰዎች ናቸው፤ ሐዲድ ካላመንኩ ማንን ላምን? ፎቶውን ጎትቼ ጎትቼ ሐዲዱን በተለካው ሐዲድ ላይ አስተኛሁት። ቁጭ አለ።

ቀዩን መስመር ያመጡት ቀያሾች ናቸው። በእግራቸው ዞረው ለክተው፣ ጎርፍ ቢመጣ ውሃው እስከዚህ ይደርሳል ያሉት ነው። መስመሩ ውስጥ የተገኘ ቤተሰብ ነሐሴ ሳያልቅ ይነሣል፣ ሌላ ቦታ ይሰጠዋል። ሁሉም ሰው በስልኩ ከፍቶ የራሱን ጣራ ማየት ይችላል። እኔ ግን ከሁሉም ሰው ቀድሜ የሆዮን ጣራ አየሁ። ውጪ ናት! አንድ ጠባብ መንገድ ያህል ርቃ፣ ውጪ።

እናቴ የሺአረግ እኔን ወልዳ በተስቦ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ለባቡር ሠፈር ወተት ታመጣ የነበረችው የመጋላዋ ዳሃቦ ነች ከልጇ ከሚክዳድ ጋር እኩል ያጠባችኝ። በሷ ቋንቋ፣ በሶማሊኛ፣ እናት ሆዮ ነው፤ አፌን የፈታሁትም በሱ ነው። እማዬ ድና ስትወስደኝ “ይቺ ልጅ አታውቀኝም” ብላ አለቀሰች ይባላል። እማዬም ካረፈች ወዲህ ያለችኝ ሆዮ ናት።

ሰኔ 26

ከሥራ በቀጥታ መጋላ ሄድኩ። ስነግራት ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

“ወላሂ በይ፣ ሶፊ።”

“ወላሂ።”

“ከሰማይ አይተሽ ነው?”

“ፎቶው ከሰማይ ነው የሚነሣው፣ ሆዮ።”

“አልሃምዱሊላህ! እኔ የወለድኩት ባጃጅ ይነዳል፣ ያጠባሁት ከሰማይ ያያል።”

ከዚያ በየክረምቱ ቆጥ ላይ የምትሰቅለውን ዕቃ ሁሉ ማውረድ ጀመረች። የእህል ማዳበሪያ፣ ፍራሽ፣ የብርድ ልብስ ጥቅል፣ የሟቹ ባሏ ሬዲዮ። እየተቀበልኩ መሬት ላይ አስቀመጥኩላት። ለምን እንደምትሰቅለው ጠይቄያት አላውቅም፤ አይጥ ፈርታ ይመስለኝ ነበር። ስታወርድ እንደ ሙሽራ ታንጎራጉር ነበር።

ሚክዳድ ባጃጁን ደጅ አቁሞ ያየናል። “ክረምቱን ገጠር፣ ዋሂል የሚስቴ ቤተሰቦች ጋ እናሳልፍ ብዬ ስለምናት እሺ ልትል ትንሽ ቀርቷት ነበር” አለኝ ስወጣ። “አሁን ማን ያንቀሳቅሳታል፣ አባዮ?” እህቴ ማለቱ ነው፤ ተቆጥቶ ይሁን ቀልዶ አልገባኝም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ሐምሌ 3

ካርታው ዛሬ ተለቀቀ። ስልክ በስልክ። ምሳ አልበላሁም።

ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ ከኋላዬ አንዷ፣ “የኛ ቤት ውጪ ነው፤ ማን እንደሠራው ባላውቅም እጁ ይባረክ” ስትል ሰማሁ። ዞሬ “እኔ ነኝ” ልላት አፌ ድረስ መጣ። ጨዋ ነኝና ዝም አልኩ። ሽንኩርቱን ግን ሳልመርጥ ገዝቼ ወጣሁ፣ ግማሹ የበሰበሰ ነው።

ሐምሌ 9

ዛሬ ሳቅ ብቻ። ቢሮ የመጋላን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ስም አስገቢ ስላለኝ ከሚክዳድ ጋር ወጣሁ። እሱ ይነዳል፣ ስልኬ የሄድንበትን መንገድ እየተከተለ ይመዘግባል። ማታ ከፍቼ ሳየው መስመሩ በቤቶች ላይ ነው የሚሄደው። አንዱን ቤት በሳሎን ገብተን በጓዳ ወጥተናል፣ የመስጊዱን ጣራ አቋርጠናል። ፎቶ አንሥቼ ለሚክዳድ ላክሁለት።

“አቦ! በጣራ ላይ የምትሄድ ባጃጅ! ታሪፍ እጨምራለሁ” ብሎ መለሰ። ቆይቶ ደግሞ፣ “ድልድዩስ? ፎቶሽ ላይ መሃሉ የተሰበረ ነው የሚመስለው። በየት ተሻገርን?”

ሐምሌ 10

ድልድዩን አጉልቼ አየሁት።

ከከዚራ የሚመጣው ግማሽና ከመጋላ የሚመጣው ግማሽ አይገጥሙም። የመጋላው በሰያፍ ሸርተት ብሏል። ፎቶው አንድ አይደለም። በተለያየ ቀን የተነሡ ሁለት ፎቶዎች ናቸው፤ ወንዙ አሸዋ ላይ ተሰፍተዋል። አሸዋ ከአሸዋ ጋር ይመሳሰላልና ስፌቱ ድልድዩ ላይ ካልሆነ አይታይም። በሐዲዱ ያስተካከልኩት የከዚራውን ነው። ያንኑ መጠን ለመጋላም ሰጠሁት። ሐዲድ የሌለበትን ማዶ በሐዲድ ለካሁት፤ መጋላ ውስጥ መሬት ላይ የተለካ አንድ ነጥብ አምጡልኝ እንኳ አላልኩም። የከዚራ ልጅ!

ማለትም መጋላን በሙሉ ወደ ምሥራቅ ገፍቼ ከወንዙ አርቄያታለሁ። ቀያሾቹ መሬት ላይ የለኩት ቀይ መስመር ግን በቦታው ነው፤ መጋላን ወደ ቦታዋ ብመልሳት ዳር ያሉት ቤቶች ወደ ቀዩ መስመር ይጠጋሉ፤ አንዳንዶቹ ይገባሉ።

የትኞቹ እንደሚገቡ አላየሁም። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ሐምሌ 11

ኔትወርክ የለም። ምንም ማድረግ አልተቻለም።

ሐምሌ 12

ኔትወርክ አለ። ራሴን አሞኛል።

ሐምሌ 14

አንድ ባጃጅ ማስረጃ አይሆንም። ሚክዳድ እንደሆነ ቀጥ ብሎ ነድቶ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ ራሴ በእግሬ ዞርኩት። የኔም መንገድ በጣራ ላይ ነው።

ስልኬ ርካሽ ስልክ ነው። የቢሮው ጂፒኤስ እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል። ቸኩሎ ሰው ማስደንገጥ ኃላፊነት አይደለም።

ሐምሌ 15

የቢሮው ጂፒኤስ አጠገቤ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ሳሚር፣ አብሮኝ የሚሠራው ቀያሽ፣ “ፈልገሽው ነበር?” አለኝ። የለም አልኩት።

ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ፤ እንዳለ ብተወው፣ ባስተካክለው። ሲስተካከል የሆዮ ቤት ቀዩ መስመር ውስጥ ነው። ዳሩ ላይ ቢሆን መልካም ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ነው።

ግን ቀያሾቹም ሰው ናቸው። በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለቀበት ሌሊት፣ ውሃው ሆዮ ደጅ ላይ ሲደርስ ቆሟል። ራሷ ናት የነገረችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ነገር ነው፤ “ደጄ ላይ ቆመ።” በዚያ ዓመት ያልገባ ውሃ ዘንድሮ ለምን ይገባል? ሚክዳድንም ጠየቅሁት። የባጃጁን መስታወት ማጽዳት ጀመረ። “ሆዮ ካለች ነው” አለኝ። መስታወቱ ንጹሕ ነበር።

ሐምሌ 17

ኢንጂነር ፍቅረ ማርያም፣ ኃላፊያችን፣ በሥራዬ አመሰገኑኝ። በሰው ፊት። ከክረምት በኋላ ኮንትራትሽ ይታደሳል አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ነገ እናገራለሁ።

ሐምሌ 18

ነገ ቁልቢ ነው። ግማሹ ቢሮ መንገድ ላይ ነው። ማን ይሰማኛል?

ሐምሌ 19

አባዬ ቁልቢ ሄዷል። አብሬው አልሄድኩም፤ ገብርኤል ፊት ቆሜ ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ነው። ለአባዬ ሆዴን አሞኛል አልኩት።

ከሰዓት በኋላ እዚህ ሰማዩ ደረቅ ነበር። ከከተማው በላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ግን ጠቁሮ ይታያል። አሥር ሰዓት ሳይሆን የጎርፉ ድምፅ መጣ። ድሬ ያደገ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፤ ከባድ መኪና የሚመጣ ይመስላል፣ መኪናው ግን አይደርስም። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ ሮጥኩ። ድልድዩ ላይ ሰው ቆሞ ቀይ ውሃ በአሸዋው መሃል ሲወርድ ያያል። ትንሽ ነው። ልጆች ያፏጩለታል። እኔ ግን አልቆምኩም።

ሆዮ መሬት ላይ በተዘረጋው ፍራሽ ተቀምጣ ትራስ ትሰፋለች። ከደጇ እስከ ወንዙ ያለው ርቀት ልቤ ውስጥ ጠበበ።

“ምን ሆነሽ? የሚያባርርሽ አለ?”

“የለም። ናፍቀሽኝ ነው።”

“ወላሂ እኔም” አለች፤ መርፌውን ትራሱ ላይ ሰክታ ሻይ ልታፈላ ተነሣች። የወተት ሻይ ጠጣሁ። ወደ ቤት ስመለስ ውሃው ቀንሶ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ትራስ የምትሰፋን ሴት ወንዝ መሃል አስቀምጬ ሻይዋን ጠጥቼ መጣሁ።

ሐምሌ 21

እውነቱን ዛሬ ሰማሁ። እንዳይጠፋኝ እንዳለ ልጻፈው።

ቀትር ላይ ሄድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ከሙቀቱ ተደብቆ ተጋድሟል። ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ፣ “ሆዮ፣ በዘጠና ስምንት ውሃው የት ደረሰ?” አልኳት።

“ደጄ ላይ ቆመ። ስንቴ ልንገርሽ።”

“በኔ ሞት። ያ ለልጅ የሚነገረው ነው። አሁን ለኔ ንገሪኝ።”

ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄደችና እጇን ከወገቧ በላይ፣ ከደረቷ በታች አሳረፈች። “እዚህ። ሚክዳድን ቆጥ ላይ ወረወርኩት፣ በቆጡ በኩል ጣራ ላይ ወጣን። እስኪነጋ ጣራ ላይ ነበርን።”

ሄጄ እጇ ያረፈበትን ግድግዳ ነካሁ።

“አንቺ ትንሽ ነበርሽ። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ባካፋ ቁጥር ‘ሆዮን ውሃ ወሰዳት’ እያልሽ ትጮሂ ነበር። አባትሽ እንቅልፍ አጥቶ ይዞሽ መጣ። ምን ልበልሽ ታዲያ? ‘ደጄ ላይ ቆመ፤ ሶፊን ፈርቶ ተመለሰ’ አልኩሽ። እዚሁ ጭኔ ላይ ተኛሽ።”

“እና ባለፈው ወር ከመስመሩ ውጪ ነሽ ስልሽ ለምን ዝም አልሽ?”

“ካንቺ በላይ አውቃለሁ ልበል? እኔ ያየሁት በጨለማ ነው፣ አንቺ ከሰማይ ነው ያየሽው። ወንዙ መንገዱን ቀይሯል፣ አላህ አዝኖልኛል አልኩ።”

ሆዮ በደረቷ ያወቀችውን ትታ የኔን ካርታ አመነች። እኔም ካርታው የነገረኝን ትቼ ለሕፃን የተነገረ ማባበያ ይዤ አሥር ቀን ተደበቅሁ። ዕቃዋን ከቆጥ ያወረድኩት በራሴ እጅ ነው።

“ሆዮ፣ ተሳስቻለሁ” አልኳት። “ፎቶው ተንሸራቶ ነበር። ቤትሽ ውስጥ ነው።” እንባዬ መጣ፤ እንዲያውም እንደ ልጅ ጮኼ ነው ያለቀስኩት፤ መደበቅ ምን ይጠቅማል።

አልተቆጣችም። ቤቷን ዞራ አየች፤ ግድግዳውን፣ በሩን፣ ደጅ ያለውን ባዶ የወተት ጣሳ። ከዚያ፣ “እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ሌላም አለ?” አለች።

“ጎረቤቶችሽም አሉ።”

“ያውቃሉ?”

“አያውቁም።”

“ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?” ሻርፗን አንሥታ ፊቴን ጠረገችልኝ፣ ጠንከር አድርጋ፣ ልጅ ሆኜ አፍንጫዬን እንደምትጠርገው። “ሂጂ ንገሪ። ማልቀሱ ይደርሳል።”

ሐምሌ 22

ለኢንጂነር ፍቅረ ማርያም ነገርኳቸው። ድልድዩን፣ ስፌቱን፣ የባጃጇን መንገድ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ ብለው አዩ።

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“ሐምሌ አሥር።”

“ዛሬ ስንት ነው?”

“ሃያ ሁለት።”

“ለምን ሶፊ?”

“ከሚገቡት ቤቶች አንዱ የእናቴ ነው።”

“እናትሽ አርፈዋል ብዬ ነበር።”

“ሌላ እናት አለችኝ።”

ይጮሁብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። “ካርታውን አሁኑኑ አውርጂው። ጂፒኤሱን ይዛችሁ ከሳሚር ጋር መጋላ ውጡ። ቁጣው አይቀርልሽም፣ ግን ከቤቶቹ በኋላ ነው” አሉ። ኮንትራቱን አላነሡም። እኔም አላነሣሁም።

እስኪመሽ ለካን። ጣራ አይታመንም፣ በፎቶ ላይ ያዘነብላል፤ ስለዚህ መሬት መሬቱን፣ የመስጊዱን ግቢ የአጥር ማዕዘን፣ የመንገዱን መጋጠሚያ፣ የድልድዩን ጫፍ። ሳሚር አንዴም “ለምን ዝም አልሽ” አላለኝም። ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ።

ሐምሌ 25

አዲሱ ካርታ ወጣ። ድልድዩ ገጠመ። ባጃጇ መንገዷን ይዛ ትሄዳለች። የሆዮ ቤት መስመሩ ውስጥ ነው።

ሐምሌ 27

ቢሮ መኪናና ድምፅ ማጉያ ሊልክ ነበር። ሆዮ አይሆንም አለች። “ሰው በመኪና ጩኸት ከቤቱ አይወጣም። አንቺ ነሽ የምትነግሪው፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።”

ቤት ለቤት ሄድን። ሰላምታው ብቻ አንድ ሰዓት። በሶማሊኛ ትጀምራለች፣ በኦሮምኛ ትቀጥላለች፣ ወደኔ ስትጠቁም በአማርኛ ትጨርሳለች። አንዳንዱ ዝም ብሎ ሰማ። አንዷ አለቀሰች። ባለሱቁ ዒሴ ግን እሳት ሆነ።

“ባለፈው ወር ውጪ ናችሁ፣ በዚህ ወር ውስጥ ናችሁ! ቤቴ እግር አለው እንዴ? በሚመጣው ወር ደግሞ ጅቡቲ ነው ልትሉኝ ነው?”

ሰው ተሰበሰበ። “ይቺ ናት የሣለችው? የማን ልጅ ናት?” የሚል ሰማሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ልል አፌን ስከፍት ሆዮ ከፊቴ ቆመች። ቁመቷ ትከሻዬ ድረስ ነው።

“የኔ ናት!” አለች። “ጡቴን የጠባች ልጄ ናት። ተሳሳተች፣ አዎ፤ አንተ ሚዛን ተሳስተህ አታውቅም? አሁን መጀመሪያ መስመር ውስጥ ያስገባችው የማንን ቤት ነው? የኔን! ልትዋሽ ብትፈልግ የኔን ታስቀር ነበር፣ ያንተን ነው የምታስቀረው?”

ዒሴ እሷን አየ፣ እኔን አየ። ደጁ ላይ ያለውን የስኳር ማዳበሪያ በእግሩ ነካ አደረገው። “አቦ፣ ዳሃቦ” አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ወርዶ። “ዕቃ የሚያነሣው መኪና መቼ ነው የሚመጣው? ስኳር እርጥበት አይወድም።”

ሐምሌ 30

ሚክዳድ ዋሂል ሊወስዳት ባጃጁን ጭኖ መጣ። ጎረቤቶቿ እዚሁ ከተማ ትምህርት ቤት ገብተው እሷ ብቻዋን ገጠር እንደማትገባ ተናገረች። “ታዲያ የት?” ቢላት በአገጯ እኔን አሳየችው። ልብሱንና ሬዲዮውን ከዚራ እኛ ቤት አራገፍን።

አባዬ ምንም ሳልነግረው ትንሿን ክፍል ኖራ ቀብቶ ጠብቆናል። ከቁልቢ ከተመለሰ ጀምሮ እየቀባ ነበር፤ “እርጥበት ይዟት ነው” ይለኝ ነበር። ፊቴን እያየ እንደሚቀባ አሁን ነው የገባኝ። አዲስ ድስትም ገዝቷል፣ የሷ ብቻ የሚሆን። “ሥጋችን ባይገናኝም ወጣችን ይገናኛል” አላት።

“ፍልሰታ ነገ አይደል የሚገባው?” አለችው። “ሽሮ ነው የምትበሉት፤ ማን ለሥጋ ይጣላል፣ በዛብህ?”

ከዚያ አባዬ ቂብላው ወዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስልኬን አውጥቼ ካርታ ከፈትኩ፤ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ። ሆዮ ፈገግ አለች። “እርግጠኛ ነሽ? መካን አላንሸራተትሻትም?” ሦስታችንም ሳቅን፤ እኔ ቶሎ ማቆም አልቻልኩም። ምንጣፉን ባሳየኋት አቅጣጫ አነጠፈችው።

ነሐሴ 6

ቁጣው ደረሰ። ኢንጂነሩ በሩን ዘግተው ተናገሩኝ፣ ሁሉም ተገቢ ነበር። ኮንትራቱ አይታወቅም። ወጥቼ የቀረውን ሠፈር ማስተካከል ቀጠልኩ።

ሆዮ ጠዋት ጠዋት አባዬን ሬዲዮ ታስከፍተዋለች፣ ሁለቱም አይሰሙትም፣ ያወራሉ። ቤታችን ከእማዬ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ነሐሴ 11

ዛሬ ንጋት ላይ መጣ።

በድምፁ ነቃሁ፤ ዛሬስ መኪናው ደርሷል። አባዬን ይዤ ድልድዩ ድረስ ሄድኩ። ፖሊስ አላሻግር ብሎ ነበር፣ ግን ከዚህ ማዶም ይታያል። ውሃው አሸዋውን ሞልቶ፣ ዳሩን አልፎ፣ በነሆዮ ሠፈር ውስጥ ይሄዳል። የሆዮ በር ተከፍቶ በዚያ ይገባል፤ የጓዳው ግድግዳ የለም። የዒሴ ሱቅ ቆርቆሮ ተገንጥሏል። አንድም ሰው አይጮህም፤ የሚጮህ ሰው እዚያ ስላልነበረ ነው። ሚክዳድ ማዶ ቆሞ በስልክ አገኘኝ፤ “ሁሉንም ቆጠርኳቸው፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ናቸው፣ ዒሴም አለ፣ ይሳደባል” አለ።

ስመለስ ሆዮ የንጋቱን ሰግዳ እንደገና ተኝታለች። እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ሳትገልጥ እጄን ያዘችኝ።

“መጣ እንዴ?”

“መጣ፣ ሆዮ።”

“ውስጥ የነበረ ሰው አለ?”

“ማንም አልነበረም።”

“አልሃምዱሊላህ” አለች፤ እጄን እንደያዘች ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ስለ ቤቷ አልጠየቀችኝም።